ከረጢት ይዤ ድሬ ስወርድ

ኮሎስቶሚ ያለው ሰው፣ ማለትም ትልቁ አንጀቱ ሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ (ስቶማ) ወጥቶ ሰገራው በሚለጠፍ ከረጢት የሚጠራቀምለት ሰው፣ ረጅም መንገድ ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣበት ጭንቀት «መንገድ ላይ ቢፈስብኝስ?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን የምናገኘው መላም ተመሳሳይ ነው። አለመብላት፣ አለመጠጣት። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ አፍን ዘግቶ፣ ጠዋት ቡና እንኳ ሳይቀምሱ አውቶብስ መሳፈር። ለክትትል ወረፋ ስንጠብቅ ሰዎች ይህንኑ እንደ ጥሩ ዘዴ ሲመካከሩበት እሰማለሁ።

እኔ በዚህ አልስማማም። አንጀት ባዶ ሲሆን ሥራ አያቆምም። ጋዝ ይሞላል፣ ከረጢቱ ይነፋል፣ የሚወጣውም ይቀጥናል። ወደ ቆላ እየወረዱ ውሃ አለመጠጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ይሄ አይደለም። ተርቦ የደረሰ ሰው አይመርጥም። አውቶብሱ ለምሳ ሲቆም ቶሎ የቀረበለትን፣ ቀዝቅዞ የቆየውን፣ ዝንብ ያረፈበትን ሁሉ ይበላል። ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ እጁን ሳይታጠብ ይሮጣል። ሆድ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። የጠገበ ሰው ግን «ይቅርብኝ» ማለት ይችላል። የእኔ ዘዴ በሙሉ የቆመው በዚህች ላይ ነው፤ ከቤት የያዝኩትን በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ጠግቤ መድረስ።

ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የትልቁ አንጀቴ መጨረሻ ላይ ካንሰር ተገኝቶብኝ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ኮሎስቶሚውም እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አብሮኝ የሚኖር ነው። እህቴ ድሬ ናት፣ አክስቴ ሐረር። ስለዚህ መሄዴ አይቀርም፤ መቅረትም አልፈልግም።

አንድ ነገር ላስቀድም። የእኔ ከትልቁ አንጀት መጨረሻ የወጣ ስለሆነ ሰገራዬ እንደማንኛውም ሰው የረጋ ነው። ከቀጭኑ አንጀት የወጣላችሁ፣ ማለትም ኢሊዮስቶሚ ያላችሁ፣ በየቀኑ ብዙ ውሃና ጨው ነው የሚወጣችሁ። ተቅማጥ ሲመጣ እናንተ ከእኔ በጣም ቀድማችሁ ትዳከማላችሁ። ከመንገድ በፊት ሐኪማችሁን በደንብ ጠይቁ። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ያላችሁም እንደዚያው። ሰውነት በሽታ የመከላከል አቅሙ ሲደክም ለሌላው ቀላል የሆነው ተቅማጥ ለእናንተ ቀላል አይሆንም።

ኮሎስቶሚ በራሱ ጀርም አይጠራም። አብሮኝ የበላ ሰው የሚታመመውን ያህል ነው እኔም የምታመመው። ልዩነቱ ከታመምን በኋላ ነው። እሱ መጸዳጃ ቤት ይመላለሳል። እኔ መያዝ አልችልም፤ ሲመጣ መጣ ነው። ውሃ የመሰለው ነገር በማጣበቂያው ሥር ሰርጎ ይገባና ይነቅለዋል፣ ቆዳዬን ያቃጥለዋል። ለሳምንት የያዝኩት ከረጢት በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። አገራችን ውስጥ ከረጢት ስንት እንደሚሸጥና እንዴት እንደሚጠፋ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ፌስታል በጨርቅ አስሮ የሚኖር ስንት ሰው አለ። ለዚህ ነው ጥንቃቄዬን አንዳንድ ዘመዶቼ «ማካበድ» ቢሉትም የማልተወው።

ለመንገዱ ደረቅ ነገር ነው የምይዘው። የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ፣ ሙዝ። እንቁላል ደግሞ ሽታው ለእኔም ለጎረቤቴም ስለማይሆን ለቤት እተወዋለሁ። ቆሎና ኦቾሎኒ ለምትወዱ፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ ጣፋጭ ነው፤ ግን በደንብ አድቅቃችሁ አኝኩት፣ በብዛትም አትብሉት፤ ሳይላም የሚዋጥ ነገር ስቶማው ላይ ሲደርስ ለማለፍ ሊያስቸግር ይችላል። ውሃ በትንሽ በትንሹ እጠጣለሁ። አምቦ ውሃ መንገድ ላይ አልነካም። ንጽሕናው አይደለም ችግሩ፣ ጋዙ ነው።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ምግቡ አያሳስብም። ማጣበቂያውን ግን ቤት ውስጥ በልኩ ቆርጣችሁ ጨርሱ፤ መቀሱን ፍተሻ ላይ ሊወስዱባችሁ ይችላሉ። ከረጢቶቹም በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይሁኑ። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፣ ሆድ ግን አይጠብቅም።

ድሬ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሙቀቱ ነው። በተለይ ግንቦትና ሰኔ። ማጣበቂያው አዲስ አበባ ላይ የሚቆየውን ያህል ድሬ ላይ አይቆይም፤ ላብ ከሥር ይለቅቀዋል። ስለዚህ ከለመድኩት ቀን ቀደም አድርጌ እቀይራለሁ፤ የምይዘውንም ብዛት በቤቴ ከምጠቀመው እጥፍ አደርገዋለሁ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከረጢት አትተዉ፤ ሙጫው ይቀልጣል።

ሙቀቱ ሌላም ነገር ያመጣል፤ ጥማት። የድሬ ጥማት ደግሞ በውሃ ብቻ የሚረካ አይመስልም፣ ቀዝቃዛ ነገር ያሰኛል። ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር ሄዳችሁ ማንጎና ፓፓያ ተደራርቦ የተቀዳበት ብርጭቆ ስታዩ ልብ ይከዳል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የፍሬው አይደለም። ፍሬው የታጠበበት ውሃ፣ መፍጫው የተለቀለቀበት ውሃ፣ የበረዶው ውሃ ነው። በረዶ ጀርም አይገድልም፤ ሲሟሟ ያው ውሃው ነው። እኔ ማንጎውን ራሱን ገዝቼ እቤት ወስጄ፣ አጥቤ፣ በራሴ ቢላዋ ልጬ እበላለሁ። ቀፊራ ገበያ ሄዶ ማንጎ መምረጥ ራሱ ደስታ ነው። ብርቱካንና ሙዝም እንዲሁ፤ ልጣጭ ያለው ነገር ለእኛ ወዳጅ ነው። ማንጎ ሲበዛ ሰገራ እንደሚያቀጥን ግን አትርሱ። አንዱን በልቼ አቆማለሁ። ማለትም ለማቆም እሞክራለሁ።

የታሸገ ውሃ ስገዛ ክዳኑ ሲከፈት «ቀጭ» ማለቱን እሰማለሁ። ካላለ አልጠጣም። በየመንገዱ በሃይላንድ ተሞልቶ ቀዝቅዞ የሚሸጠውን በጭራሽ። እህቴ ቤት ውሃ አፍልተን በፔርሙዝና በጆግ እናስቀምጣለን። በደንብ ከተንፎለፎለ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ግን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይመከራል። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረርም 2000 አትሞላም። ለአዲስ አበባ ግን ሦስቱን ደቂቃ ያዙ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወው ነጭ ቅርፊት ማዕድን ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ማፍላት ካልተቻለ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ፈሳሽ ጠብ አድርጎ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

ስቶማውን ለማጠብ የሚያገለግለው ውሃስ? ቆዳውን ከውጭ ለማጽዳት የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ግን በቱቦ ውሃ እያስገቡ አንጀታቸውን የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። ለእነሱ ሕጉ አጭር ነው። የማትጠጡትን ውሃ ወደ ውስጥ አታስገቡ። በአፍ ባይገባም የሚገባው አንጀት ውስጥ ነው።

ሐረር ደግሞ ነገሩ ይለያል። አየሩ ደስ ይላል፣ የውሃው ነገር ግን የታወቀ ነው። ከተማዋን ለዓመታት ያጠጣት የሐረማያ ሐይቅ ከነጠፈ በኋላ የጉድጓድ ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ድረስ በቧንቧ ሽቅብ ተስቦ ነው የመጣላት። ሰው ውሃ ሲመጣ ያጠራቅማል። ጀሪካኑ፣ በርሜሉ፣ ሮቶው። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ውሃው ከየት እንደመጣ ብቻ ሳይሆን ከመጣ ወዲህ የት እንደቆየ ነው። ንጹሕ ውሃም ቢሆን አፉ ሰፊ የሆነ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ አሥር ሰው በጣሳ ሲጨልፍበት፣ የሁሉም እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። አክስቴ ቤት ለእኔ አንዲት አፏ ጠባብ ጀሪካን ለይተናል። ተዘቅዝቃ ትቀዳለች እንጂ አትጨለፍም።

አክስቴ የምትኖረው ጀጎል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። አንቱ አልላትም፤ እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም፣ እሷም አትፈልገውም። ገና ከበሩ ስገባ «ከስተሻል እኮ! ምን ሆነሽ ነው? ነይ ብዪ አቦ!» ትለኛለች። እንግዲህ ፈተናው ይሄ ነው። ውሃን ማፍላት ቀላል ነው። የአክስትን እጅ መመለስ ግን ከባድ ነው።

እኔ በግልጽ ነገርኳት። «ሆዴ ከተበላሸ እንደሌላው ሰው አይደለሁም፣ ትኩስ ትኩሱን ብቻ ስጪኝ» አልኳት። ደነገጠች፣ ትንሽም አለቀሰች፣ ከዚያ በኋላ ግን ዘበኛዬ ሆነች። ሰው ቤት ስንሄድ ከእኔ ቀድማ «ለሷ ትኩስ ነው የሚሰጣት» ትላለች። ለሁሉም ሰው መንገር አያስፈልግም። በሚያበላችሁ ቤት አንድ ሰው ብቻ ካወቀላችሁ ይበቃል፤ እሱ የቀረውን ይይዝላችኋል። ለሌላው «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት በቂ ነው፤ ለሐኪም ትእዛዝ አገራችን ላይ አሁንም ክብር አለ።

ጉርሻውን በተመለከተ፣ ከአክስቴ እጅ እቀበላለሁ። ስትታጠብ አይቻታለሁ። ከሌላው ግን በእጄ ተቀብዬ ከፊቴ አስቀምጠዋለሁ። በሳሙና መታጠብን የሚተካ ነገር የለም። ከረጢት ካስወገድኩ በኋላም፣ ከመብላቴ በፊትም። ሳኒታይዘር የሚረዳው እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ሳይኖር ነው።

ሐረር ላይ ለእኛ የሚስማማ ነገር ሞልቷል። ከምድጃ የወረደ ትኩስ ፈጢራ፣ እንፋሎቱ የሚታይ ሾርባ፣ ሩዝ። ቁጢ ደግሞ የቡና ቅጠል ተፈልቶ የሚጠጣ ነው፤ ተንተክትኮ ስለሚወርድ ያለ ሐሳብ እጠጣዋለሁ። ያልፈላ የግመል ወተት ግን አልጠጣም። ለጤና ጥሩ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ጥሬ ወተት የየትኛውም እንስሳ ይሁን ተቅማጥም፣ ከእንስሳት የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታም ሊያመጣ እንደሚችል አውቃለሁ። ጥሬ ሥጋም ያው ነው። ሰላጣ ደግሞ፣ ማን በምን ውሃ እንዳጠበው ካላየሁ፣ ይቅርብኝ።

ስለ ጫት ካላወራሁ የምሥራቅ ሰው አይደለሁም። ሰው ምግቡን ተጠንቅቆ፣ ውሃውን አፍልቶ፣ ከሰዓት በኋላ በስንት እጅ የተዳሰሰ፣ ከማሳ እስከ አወዳይ ገበያ ያልታጠበ ጥሬ ቅጠል አፉ ውስጥ ይከታል። ሰላጣ አልበላም ብሎ ጫት የሚቅም ሰው አጋጥሞኛል። ልዩነቱ አይገባኝም። በዚያ ላይ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ኮሎስቶሚ ላለው ሰው ድርቀት ራሱን የቻለ መከራ ነው። ወዳጅነቱ እንዳይቀርባችሁ ከፈለጋችሁ ከሚቅሙት ጋር ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ጨዋታው እንደሁ አይጠየቅም። ከቃማችሁም ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ የራሳችሁን ውሃ ያዙ፣ የጋራውን ጆግ ተዉት።

ይህን ሁሉ እያደረግሁም ታምሜ አውቃለሁ። ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበር፣ ድሬ ውስጥ። ድንኳኑ ውስጥ ለስላሳው በርሜል ሙሉ በረዶ ውስጥ ተነክሮ ነበር። ቆርኪውን ከመክፈቴ በፊት የጠርሙሱን አፍ በሶፍት ጠረግሁ፤ በረዶው የሟሟበት ውሃ እዚያ ቆርኪው ሥር ነውና የሚቀረው። ምግቡንም ከሚፈላው ድስት ነው ያስወጣሁት። ሌሊቱን ግን እኔም፣ የአጎቴም ልጅ፣ አንድ ሌላ እንግዳም ታመምን። ምን እንደነካን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እኩለ ሌሊት ላይ ሆዴ መጮህ ጀመረ። ተነሥቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ከረጢቱን መቀየር ነበር፤ ዝጉን አውጥቼ ከታች የሚከፈተውን አደረግሁ። ዝግ ከረጢት ለተቅማጥ አይሆንም፤ በሞላ ቁጥር መንቀል ይመጣል፣ በነቀላችሁ ቁጥር ቆዳ ይላጣል። ለዚህ ሲባል ሁልጊዜም ዝግ የምትጠቀሙ እንኳ ብትሆኑ ለመንገድ ተከፋቹን ያዙ። ሲሶው ሲሞላ አስወግዳለሁ፣ ከዚያ አላሳልፈውም። ከመሙላቱ ይልቅ ክብደቱ ነው ማጣበቂያውን የሚነቅለው። መቀመጫ የሌለው መጸዳጃ ቤት ከሆነ መጀመሪያ ጥቂት ሶፍት ጣል አድርጉ፤ ወደ እግራችሁ አይረጭም።

ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ሲነሣ ፕላስተር ደርቤ አላለፍኩትም። ከሥር የገባው እዚያው ታፍኖ ቆዳ ይበላል። ነቀልኩት፣ በውሃ ብቻ አጠብኩ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠፍ ጠፍ አድርጌ አደረቅሁ፣ ለስቶማ ዙሪያ ቆዳ የሚሆነውን ፓውደር ነፋ ነፋ አድርጌ ትርፉን አራገፍኩና አዲሱን ለጠፍኩ። ቫዝሊንና ቅባት እንዳትቀቡ፤ ማጣበቂያው አይይዝም።

እህቴ አንድ ሊትር የተፈላ ውሃ ለክታ በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ ኦ.አር.ኤስን፣ አንድ ፓኬት በጠበጠችልኝ። ፓኬት ባይኖር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ማንኪያው ለጥ ያለ እንጂ የተቆለለ አይሁን። በአንዴ አይጨለጥም፣ በጉንጭ በጉንጭ ነው። ለስላሳ መጠጥ በዚህ ቦታ አይገባም፤ ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል። የእህቴ ባል ደግሞ ከመሳቢያ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ አውጥቶ «ሁለት ዋጪና ተኚ፣ ነገ ትረሺዋለሽ» አለኝ። ደጉ ሰውዬ። አልዋጥኩም። ተቅማጥ ሁሉ በአንቲባዮቲክ አይድንም፤ ምንነቱ ሳይታወቅ የተዋጠ ደግሞ ለሐኪሙም ነገሩን ያወሳስብበታል። ተቅማጥ የሚያስቆመው ሎፐራማይድም እንዲሁ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ሐኪሜ መቼ እንደምወስደው ነግሮኛል። ትኩሳት ወይም ደም ካለ አይወሰድም።

ሽንቴን እያየሁ ነው ያነጋሁት። ቀለሙ ፈዛዛ እስከሆነና እስከመጣ ድረስ አልፈራም። ከጠቆረ፣ ከቀነሰ፣ ስነሣ ከዞረብኝ ግን ወደ ሆስፒታል ነው። ጠዋት ሩዝና ሙዝ ቀመስኩ። ከእንቅልፉ የተነሣው የአጎቴ ልጅ «አንቺ ከእኔ ተሻልሽ» አለኝ፤ እሱ ሌሊቱን ምንም አልጠጣም ነበር።

ሳትቆዩ መሄድ ያለባችሁ ጊዜ አለ። ደም ሲታይ፣ ከባድ ትኩሳት ሲኖር፣ ትውከቱ ኦ.አር.ኤሱን አላስቀምጥ ሲል፣ የሚወጣው እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ሆኖ ሲንዶለዶል። ይሄ የመጨረሻው ኮሌራ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ያደርቃል። ተቃራኒውም አለ። ለሰዓታት ከስቶማው ምንም ሳይወጣ ሆድ ከተነፋ፣ ከቆረጠና ካስመለሰ መዘጋት ሊሆን ስለሚችል የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳትወስዱ። የስቶማው ቀለም ከቀይ ወደ ጥቁር ከሄደም አትጠብቁ። ድሬ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ፤ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ያውቃቸዋል።

ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ገና ስማችሁን ሳትናገሩ ኮሎስቶሚ እንዳላችሁ ተናገሩ። «ተቅማጥ ነው» ብቻ ካላችሁ ተራ ይሰጧችኋል፣ እናንተም ወረፋው ላይ ከረጢታችሁ እየሞላ ትቀመጣላችሁ። ስቶማው የትኛው አንጀት ላይ እንደሆነ፣ መቼና ለምን እንደተሠራ የሚገልጸውን የሐኪም ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ስልክ ባትሪው የሚያልቀው ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን ስለሆነ፣ የወረቀቱ ኮፒ ከመለዋወጫ ከረጢቶቹ ጋር እዚያው ቦርሳ ውስጥ ይሁን።